ጋሽ ኦሺሮ የማይገቡበት ግንብ

ባለፈው ቅዳሜ ሥጋ ልገዛ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ ስሄድ የእግረኛውን መንገድ ሲያፈርሱ ደረስኩ። ሁለት ሰዎች ኮንክሪቱን በማሽን ይሰባብራሉ፤ ሦስተኛው አቧራው ሱቆቹ ውስጥ እንዳይገባ በጎማ ውኃ ያርከፈክፍበታል። ሽታው መጣ። ዝናብ የመታው አመድ ዓይነት ነው፤ ትንሽ ዝገት፣ ትንሽ የጉድጓድ እርጥበት አለበት። እንደ አዳኝ ውሻ አፍንጫዬን ወደ ሰማይ ቀስሬ ቆምኩ። የሥጋ ቤቱ ባለቤት ከበሩ ላይ ሆኖ ትንሽ ታዘበኝና፣

«ምነው፣ ጋዝ ሸተተሽ እንዴ?» አለኝ።

«የለም፣ ቶራንስ ነው የሸተተኝ።»

«ቶራንስማ ጋዝ ነው» ብሎኝ ወደ ቢላዋው ተመለሰ።

አልተሳሳተም። ቶራንስ ከተማ ውስጥ የነዳጅ ማጣሪያ ስላለ፣ ነፋሱ ሲዞር ክብሪት የሚጭር ሰው ከነሰፈሩ ወደ ሳንዲዬጎ የሚበር ይመስላል። የእኔ ቶራንስ ግን የሚሸተው የረጠበ የመንገድ ስባሪ ነው። የአንድ ዓመት ሽታ ነው፤ በቅናት ዘጠኝ ጊዜ ሞቼ አሥር ጊዜ የተነሳሁበት ዓመት።

አሥር ዓመቴ ነበር። ፌርፋክስ ገና በአገራችን ስም አልተጠራም፤ ምግብ ቤቶቹ ግን ነበሩ፣ እማዬም ከአንደኛው ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። የእኔ ቅናት በሰፈሩ የታወቀ ነው። እማዬ ስታማኝ፣ «ይህች ልጅ ሆዴ ውስጥ ሆና እንኳ ትቀናብኝ ነበር፤ እኔ አኝኬ እሷ ስለማታኝክ» ትላለች። ብዙ ጊዜ ትዋሻለች፤ ይህን ግን አልጠራጠረውም።

የቅናቴ ዋና መሥሪያ ቤት ወንድሜ ናቲ ነበር። በአንድ ዓመት እበልጠዋለሁ። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ከአገር ቤት የመጡ ጳጳስ ዲቁና ሰጡት። በማግስቱ እንደ ወትሮው አልጋው ላይ የሸና ይመስል አንሶላውን ደብቆ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ግን ለዚህ ምስክር ስለሌለኝ ልተወው።

ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን የኪራይ አዳራሽ ነበር። ባለቤቶቹ ለራሳቸው ጸሎት ሳይመጡ በማለዳ እንቀድስና ጠርገን እንወጣለን። መቅደሱን ከሕዝቡ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። መጋረጃውን የሰፋችው እማዬ ናት፤ ወይን ጠጅ ከፈይ፣ ዳሩ በወርቃማ ክር የተጠለፈ። እኔ ሳሎን ወለል ላይ ተንበርክኬ ስፒል ሳቀብላት ነበር። ጨርቁ ስላጠረ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀረ። ከተሰቀለ በኋላ ታዲያ እማዬም እኔም ወደዚያኛው በኩል ማለፍ አንችልም። ሥርዓቱ ነው፤ ከቄስና ከዲያቆን በቀር ማንም አይገባም። እማዬ ይህን እንደ ፀሐይ መውጣት ነበር የምታየው። እኔ ግን ስፒሉን ያቀበልኩ ሰው ነኝ።

ጫማ አውልቀን ስለምንገባ፣ ቅድስተ ቅዱሳንን የማውቃት በካልሲ ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጬ በዚያች ስንዝር ክፍተት አያለሁ። የቄሱ ግራጫ ካልሲ፤ የትልቁ ዲያቆን ጥቁር ካልሲ፤ ከዚያ ተረከዙ የተቀደደ የናቲ ነጭ ካልሲ። ካልሲዎቹ ይመጣሉ፣ ይዞራሉ፣ ይጠፋሉ። ሲጠፉ ወዴት ይሄዳሉ? ብዙ አሰብኩበትና ከመጋረጃው በስተጀርባ ደረጃ አለ፣ ደረጃው ወደ ላይ ይወጣል ብዬ ደመደምኩ። ናቲ በየሳምንቱ ሰማይ ደርሶ ይመለሳል። ከሰማይ መልስ ደግሞ ከእኔ ጋር ሲሪያል ይሻማል።

«ውስጡ ምን አለ?» እለዋለሁ።

«አይነገርም።»

«ትንሽዬ ብቻ።»

«መሪጌታ አይነገርም ብለዋል።»

«እሺ ደረጃው ስንት ነው?»

ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ብዙ ደረጃ ነው ማለት ነው።

የእውነቱን ከተናገርኩ የሚያቃጥለኝ ደረጃው አልነበረም። አባዬ ነበር። አባዬ ታክሲ ይነዳል፤ ታክሲ የሚነዳ ሰው ልጆቹን የሚያያቸው በመስታወት ነው። «ሚጣ፣ ቀበቶሽን እሰሪ» ሲለኝ የማየው ሁለት ዓይኖቹን ብቻ ነው፤ እነሱም ወዲያው ወደ መንገዱ ይመለሳሉ። ናቲ ጧፍ ይዞ ከመጋረጃው ሲወጣ ግን አባዬ ሙሉ ፊቱን ያዞራል። ግንባሩ ይፈታል፣ አፉ ትንሽ ይከፈታል፣ ነጠላውን በሁለት እጁ ይይዛል። ያን ፊት ለእኔ አንድ ጊዜ እንኳ አዙሮልኝ ቢሆን ናቲ ሰማይ ላይ ቤት ይሥራ፣ ግድ አልነበረኝም።

ቶራንስን ያመጡብን እትዬ ካሜ ናቸው። ቁመታቸው ከእኔ ትከሻ የማይበልጥ፣ ጀርባቸው እንደ መንጠቆ የጎበጠ የኦኪናዋ ሴት ነበሩ። ከፌርፋክስ ፈንጠር ብሎ ወዳለ የዓይን ሐኪም ይመላለሳሉ። አንድ ቀን አባዬ በታክሲው ቤታቸው አደረሳቸውና እቃቸውን ይዞ እስከ ደጅ ሲሸኛቸው ከጓሮ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ሰማ። አባዬ ጎንደር ከነገሥታቱ ግንብ ሥር ያደገ ሰው ነው። ሌላ ሰው ዘፈን ሰምቶ መኪናውን እንደሚያቆም እሱ ለድንጋይ ያቆማል። ያን ዕለት ማታ ለራት ሦስት ሰዓት ዘግይቶ፣ ሱሪው ጉልበቱ ድረስ ነጭ ሆኖ መጣ።

«ቶራንስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ግንብ እየሠሩ ነው» አለ።

«የምን ግንብ?» አለች እማዬ።

«የነገሥታት ግንብ።»

በቃ። ሰባት ፎቅ፣ አራት ማማ፣ በር ላይ ሁለት አንበሳ፤ ሁሉንም እዚያው ገበታው ላይ ሠርቼ ጨረስኩ።

ትምህርት ቤት ለክረምት እንደተዘጋ ቅዳሜ ቅዳሜ አባዬ ናቲን ቫን ናይስ መሪጌታ ቤት ለትምህርት ያደርሰዋል፤ እማዬ ሥራ ስላለች እኔን የሚጥልበት የለም። እንደ ትርፍ ሻንጣ ኋላ ወንበር ላይ ተጭኜ በፍሪዌዩ ቁልቁል ወደ ቶራንስ እወርዳለሁ። መጀመሪያ የወረድኩ ቀን ጓሮው ውስጥ ቆሜ ግንቡን ስፈልግ ቆየሁ። አንድ አፍንጫዬ ድረስ የሚደርስ፣ ሰክሮ የሚሄድ እባብ የመሰለ የድንጋይ ካብ ነበር። ከዚያ ሌላ የሎሚ ዛፍና የልብስ ማስጫ ገመድ ብቻ ነው ያለው።

«የታለ ግንቡ?» አልኩት አባዬን።

«ተደግፈሽው ነው የቆምሽው» አለኝ።

የእትዬ ካሜ ወንድም ናቸው የሚሠሩት። የቤተሰባቸው ስም ኦሺሮ ነው፤ ትርጉሙ ትልቅ ግንብ እንደሆነ ሲነግሩት አባዬ ከት ብሎ ሳቀ። «ጋሽ ኦሺሮ፣ በቁመት ስምዎ ይበልጠዋል» አላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ግቢ አትክልት ሲያሳምሩ የኖሩ፣ እጃቸው እንደ ዝንጅብል የተቆላለፈ ሽማግሌ ነበሩ። የእሳቸውና የአባዬ እንግሊዝኛ ተደምሮ አንድ ሙሉ ሰው አይወጣውም፤ ግን ይግባባሉ። እዚህ ወደ አማርኛ ስመልሰው እኔ ነኝ ያሳመርኩት።

ከኪሳቸው ዳሩ የተበላ ፎቶ አወጡ። ከባሕር በላይ በኮረብታ ጫፍ ላይ ረጅም ግራጫ ግድግዳ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ናኪጂን ይባላል አሉን፤ መንደራቸው ከሥሩ ነው። ኦኪናዋ ዛሬ በጃፓን ሥር ትሁን እንጂ ጥንት ሪዩኪዩ የምትባል የራሷ ንጉሥ ያላት የደሴቶች አገር ነበረች። በየኮረብታው እንዲህ ያለ የድንጋይ ግንብ አለ፤ ጉሱኩ ይሉታል። ጭቃ የለው፣ ኖራ የለው፤ ድንጋይ ድንጋይን ይዞ ብቻ ስንት መቶ ዓመት ቆሟል።

«ለምንድን ነው የሚጣመመው?» አልኳቸው። ዓይናቸው ጠማማ መሆኑን በውስጤ ጠርጥሬያለሁ።

«ቀጥ ያለውን ሰው ይገፋዋል። የተጠማዘዘውን ከየት ጀምሮ ይግፋው? ደግሞ ጠላት ሲጠጋ ከግራም ከቀኝም ይታያል።»

«ቶራንስ ውስጥ ጠላት ማን ነው?»

ትንሽ አሰቡ። «ራኩን» አሉ፤ ሌሊት ቆሻሻ የሚበረብረውን ድመት የሚያክል አውሬ ማለታቸው ነው።

«ንጉሡስ የት ነው የሚተኛው?»

«አንዳንዱ ጉሱኩ ምሽግ ነው። አንዳንዱ የጸሎት ቦታ ነው። አንዳንዱ ከሥሩ መቃብር አለው። ምሁራን ይጨቃጨቃሉ፤ እኔ አትክልተኛ ነኝ።»

«ይሄኛውስ?»

«ይሄ የእህቴ ነው» አሉና ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ።

እዚህ ላይ ነው አእምሮዬ የሠራው። እትዬ ካሜ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ሆነው ወንድማቸውን ሲቆጡ እሰማለሁ። ሽማግሌው ተማርረዋል። ግንብ የሚሠሩት እህታቸውን ሊዘጉባት ነው። ነገሩ ፍጹም ትክክል መሰለኝ፤ ናቲም አቅሙ ቢፈቅድ ለእኔ ያንኑ ይሠራልኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእትዬ ካሜ አዝኜ ከሳንድዊቼ ግማሹን መስጠት ጀመርኩ። ሴትየዋ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ይበሉልኛል፤ በምትኩ ከማሰሮ ቡናማ የስኳር ድንጋይ አውጥተው ይሰጡኛል። አፍ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ጨው፣ ቀጥሎ ጭስ፣ በመጨረሻ ማር የሚል ነገር ነበር። ከዚያ ሁልጊዜ ሁለተኛ ይጨምራሉ፤

«ይቺ ለወንድምሽ። ወንድምሽ ደህና ነው? በላ? አያስለውም?»

ናቲን አይተውት እንኳ አያውቁም። ከፌርፋክስ እስከ ቶራንስ ሮጬ ባመልጥ ናቲ ቀድሞኝ ደርሶ ስኳሬን ይካፈላል ማለት ነው። ሁለተኛዋን ድንጋይ መኪና ውስጥ እስከ ቫን ናይስ መውጫ ድረስ እጄ ላይ ይዤ አያታለሁ። ለማን እንደደረሰች አትጠይቁኝ።

ቶራንስ ውስጥ የኦኪናዋ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ጋሽ ኦሺሮ መልሱን ድሮ አግኝተውታል። ሎስ አንጀለስ ዓመቱን ሙሉ መንገዷን ታፈርሳለች፤ ስባሪው ግራጫ ነው፣ ነፃ ነው፣ አያልቅም። ከሩቅ ያየው ሰው የናኪጂንን ግድግዳ ይመስለዋል፤ ከቅርብ ያየው ማስቲካ የተለጠፈበት ያገኛል። አባዬ ከዚያ ወዲያ ሥራ ላይ እያለ የተሰበረ መንገድ ካየ ፓርክ አድርጎ ይለምናል። ታክሲው ኋላው አስፋልት እየላሰ፣ አፍንጫው ሰማይ እያየ ይሄድ ነበር። አንዲት ደንበኛ ኤርፖርት ላይ ሻንጣዋን ልትጭን የኋላ ኮፈኑን ስታስከፍተው፣ «እንዴ፣ ሰው ነው የቀበርከው?» አለችው።

የእኔ ሥራ ጠጠር ነው። ግንቡ ውጪውና ውስጡ ትልልቅ ድንጋይ ሆኖ መካከሉ ሆድ አለው፤ ሆዱ በጠጠር ካልጠገበ ግድግዳው ያብጣል። በባልዲ እየለቀምኩ አጎርሰዋለሁ። በዚያ ክረምት ያጎረስኩት ጠጠር ቢዘረጋ ባልድዊን ሂልስ ላይ ሌላ ኮረብታ ይጨምር ነበር። ግን ጠጠር ከተከተተ በኋላ ማን ያየዋል? ከዚያ መሪጌታ ለእረፍት ሲያትል ሄዱና ናቲም መጣ። በመጣ በግማሽ ሰዓት ጋሽ ኦሺሮ የፊት ድንጋይ አስያዙት። «ድንጋይ ፊት አለው፤ ፊቱን ፈልግ» ይሉታል፤ እሱም ያገኘዋል። አባዬ እንደገና ያን ፊቱን አዞረለት። የእኔ ፊት ግን ጠጠር ሆነ።

አባዬም ደህና አልነበረም፤ እሱ የሚቀናው በግንቡ ነው። «የእኛ ፎቅ አለው፣ ማማ አለው፣ ጣሪያው እንቁላል ይመስላል» ይላል። ጋሽ ኦሺሮ ፎቶውን አገላብጠው ያዩና፣ «የእኛን ጦርነት ነካው። የእናንተ ክፍሉ እንኳ አለ» ይላሉ፤ ዓይናቸው ላይ እኔ የማውቀውን ነገር አያለሁ። አባዬን ግን የግድግዳው ኩርባ አላስተኛውም። አንድ ቅዳሜ በካርቶን እንቁላል ይዞ ከች አለ።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ኦሺሮ።

«ለማጣበቂያ። የእኛ አባቶች ኖራውን በእንቁላል ነው ያቦኩት፤ ለዚህ ነው ያልፈረሰው። ይህንንም እናጠንክረው።»

ሽማግሌው እንቁላሉን በሁለት እጅ ተቀበሉ፣ አመሰገኑ፣ ወደ ቤት ገቡ። አባዬ ሊያቦኩት ነው ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ ጠበቀ። ሲመለሱ በትልቅ ሳህን ጠብሰውት መጡ፤ ቆዳው እንደ አዞ ኪንታሮት ያወጣ አረንጓዴ ነገር ተከትፎበታል። እንዲህ የሚመር ነገር በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም፤ እሬት ከሱ ጋር ሲተያይ ከረሜላ ነው። አባዬ እያኘከ፣ «ድንጋዩን የሚያጣብቀው ይሄ ነው ለካ» አለ። ጋሽ ኦሺሮ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ኖራ ተነስቶ አያውቅም።

ስለ ናቲ እጅ ልንገራችሁ። ናቲ አምስት ዓመቱ እያለ ቤታችን ፊት ለፊት የእግረኛ መንገድ ሲታደስ ሮጦ ወድቆ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቀኝ መዳፉን አትሞ ነበር። ሠራተኞቹ ሳቁና ተዉት። እኔ ወሬውን ሰምቼ ስደርስ ሲሚንቶው ደርቋል። እጄ ቲማቲም እስኪመስል ስጫነው ምንም አልሆነም። ለአራት ዓመት ከቤት በወጣሁ ቁጥር እሷን መዳፍ እረግጥ ነበር። በዚያ ክረምት የዛፍ ሥር ንጣፉን አነሳውና ሊሰብሩት መጡ። ደስታዬ አልቆየም። አባዬ ሠራተኞቹን ለምኖ መዳፉ ያለበትን ቁራጭ ሳይሰበር አስጫነው፤ ቶራንስ ወስዶ ለጋሽ ኦሺሮ ሰጣቸው። መዳፉ ራሱ ግንብ ገባ ማለት ነው። እትዬ ካሜ ቁራጩን በጣታቸው ዳሰሱና፣

«የማን እጅ ነው?» አሉኝ።

«የወንድሜ።»

«እ» አሉ፤ ወስደው በር አጠገብ አስቀመጡት።

የመጨረሻውን ሳምንት ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻቸውን ውስጥ ውስጡን ሲጨርሱ እኛን አላስጠጉንም። ቅዳሜ ስንመጣ ግንቡ አልቋል፤ በቀለበት ዞሮ የአባዬን ትከሻ ያህላል፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ጠባብ በር አለው። ናቲ በዙሪያው ሁለት ጊዜ ዞሮ መዳፉን ፈለገ። የለም።

«ጠጠር አድርገውህ ይሆናል» አልኩት። እውነትም ጠጠር ሆኖ ሆዱ ውስጥ እንዲሆን ተመኝቼ ነበር።

አባዬ ለዚያ ቀን ናቲን የቅዳሴ ልብሱን አስለብሶት ነበር። ነጭ በነጭ፤ መስቀል በእጁ። ለአባዬ ነገሩ ግልጽ ነው። የጸሎት ቦታ ተሠርቶ አልቋል፣ ዲያቆን አለ፤ ማን ቀድሞ ይገባል? ናቲን ትከሻውን ይዞ ወደ በሩ አቀረበው።

«ጋሽ ኦሺሮ፣ ልጄ ዲያቆን ነው። እሱ ይግባና ይባርክልዎ።»

ቀድሜ አውቀው ነበርና እኔ ወደ ሎሚው ዛፍ ሄጄ ነበር። ካልሲውን እንኳ አላይም ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁ። የእትዬ ካሜ ዱላ ድንጋይ ሲመታ ሰምቼ ዞርኩ። ዱላቸውን በሩ ላይ አጋድመውታል።

«ወንድ አይገባም» አሉ።

አባዬ ሳቀ። «ልጅ እኮ ነው።»

«ልጅም ወንድ ነው።»

አባዬ ወደ ጋሽ ኦሺሮ ዞረ። ሽማግሌው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል።

«እርስዎም አይገቡም?»

«እስከ ትናንት ገባሁ። ዛሬ ጠዋት እህቴ ጨው ረጨች። አበቃ።»

«የራስዎ ጓሮ ውስጥ? በእጅዎ ሠርተውት?»

«አዎ።»

«ታዲያ የማይገቡበትን ለምን ሠሩት?»

ጋሽ ኦሺሮ አባዬን ቀና ብለው አዩት። አባዬ ድንጋይ ሲያነሳ ሲያወራ የከረመ ሰው ነው፤ ስለ መጋረጃው ጨርቅ፣ ስለ ወርቃማው ክር ሁሉ ነግሯቸዋል።

«ያንን መጋረጃ የሰፋችው ሚስትህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እሷስ ለምን ሰፋችው?»

አባዬ የናቲን ትከሻ ለቅቆ ኮፍያውን አወለቀ። ከማጣሪያው በኩል ነፋስ መጣ፣ ማንም ክብሪት አልጫረም። እትዬ ካሜ ዱላቸውን አነሱና ወደ ሎሚው ዛፍ ጠቆሙ።

«አንቺ። ነይ።»

ዞሬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ሎሚ ብቻ ነው። ጫማዬን አወለቅኩ። ስደርስ አባዬ ክንዴን ያዘኝና ጎንበስ ብሎ፣ «ሚጣ፣ ውስጥ አቡነ ዘበሰማያት በይ፣ እሺ? ሌላ እንዳትይ» አለኝ። እትዬ ካሜ ቋንቋው ባይገባቸውም ገባቸው። «የምታውቀውን ትበል» አሉት።

የሚቀጥለውን አንቀጽ ወንዶች አታንብቡ። በአክብሮት ነው የምለምናችሁ፤ ዝለሉና ከታች እንገናኝ።

ውስጡ ሁለት ሰው ቆሞ ሦስተኛ አይጨምርም። መሬቱ ነጭ የባሕር ጠጠር ነው፤ በካልሲ ሲረግጡት ይቀዘቅዛል። ሦስት ድንጋይ፣ አንድ ስኒ ውኃ፣ ቁንጥር ጨው። መጀመሪያ የፈለግኩት ደረጃውን ነው። ደረጃ የለም። ላይ ሰማይ ብቻ፣ አንድ አውሮፕላን። እትዬ ካሜ ተንበረከኩ፣ አንበረከኩኝ። «በእኛ አገር» አሉ፣ «ወንድም በባሕር ሲሄድ፣ ለጦርነት ሲሄድ፣ የምትጠብቀው እህቱ ናት። ለዚህ ነው ሴት ብቻ። ወንድሜን ልጅ ሳለ ለጦርነት ወሰዱት፤ ዋሻ ውስጥ ሆኜ ስሙን ስጠራ ከረምኩ፤ ከጓደኞቹ ብዙዎቹ አልመጡም፤ እሱ በአንድ እግር ጫማ መጣ።» «አንቺም ወንድም አለሽ» አሉኝ። «አለኝ» አልኩ፤ ድምፄ እንዴት እንደመረረ ያ አረንጓዴ ነገር ብቻ ያውቃል። «ስለ እሱ በይ።» ያ ሁሉ ሁለተኛ ስኳር፣ ያ ሁሉ «በላ? ያስለዋል?» ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። «ስለ ራሴስ?» አልኩ። «ሌላ ቀን» አሉ። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ልግባ ብዬ ሞቼ፣ ገብቼ የተሰጠኝ ሥራ ለናቲ መለመን ነው። ቀና ስል ፊት ለፊቴ፣ ከሦስቱ ድንጋዮች በላይ፣ ግድግዳው ውስጥ መዳፉ አለ። አምስት ጣት፣ ቀኝ እጅ፣ ወደ ውስጥ የዞረ። አራት ዓመት የረገጥኩት ነው፤ እንዲያ ትንሽ መሆኑን ግን አይቼ አላውቅም ነበር። አቡነ ዘበሰማያትን እስከ መጨረሻው አልኩ። ስጨርስ መዳፌን መዳፉ ላይ አደረግኩ። ሲሚንቶው እንደ ድሮው ደረቅ ነው፤ እኔም እንደ ድሮው ተጫንኩት።

ጎንበስ ብዬ ስወጣ ፀሐዩ አሳወረኝ። ከዚያ አባዬን አየሁት። ግንቡን ጀርባው እስኪሰበር አብሮ የሠራው ሰው በሩ ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል። ግንባሩ ተፈትቷል። አፉ ትንሽ ተከፍቷል። መስታወት የለም፣ መንገድ የለም። ከጉልበቴ ላይ የተጣበቀውን ነጭ ጠጠር አንስቶ ኪሱ ከተተው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማዬን ከሥራ አስፈቅዶ ይዟት መጣ። ለምን እንደሆነ አልነገራትም። በሩ ላይ ለእትዬ ካሜ አስረከባትና ታክሲው ውስጥ ገብቶ ሬዲዮ ሳይከፍት ጠበቀ። እማዬ ብዙ ቆይታ ወጣች። መኪና ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል። «መጋረጃ እንኳ የለውም» አለች።

ወደዚያኛው ቅዳሜ ልመለስ። በፍሪዌዩ ሽቅብ ስንመለስ ናቲ ከነቅዳሴ ልብሱ አጠገቤ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። አየሁት። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት በመስታወት ሳየው የኖርኩት የራሴ ፊት ነው። እሱ ላይ ሳየው ከእትዬ ካሜ ስኳር ይጣፍጣል።

«ሚጣ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ውስጡ ምን አለ?»

አንበሳ አለ ልለው ነበር። ሰባት ፎቅ፣ የወርቅ ደረጃ፣ ዘውድ የጫነ ራኩን። እኔ ጉንዳንን ዝሆን አድርጌ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«አይነገርም» አልኩት።

«ትንሽዬ ብቻ።»

«እትዬ ካሜ አይነገርም ብለዋል።»

እትዬ ካሜ እንዲያ አላሉም። ፊት ለፊት የአባዬ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቀ ይሁን ምን ይሁን በመስታወት አልታየኝም። እጄን ከፈት አድርጌ ሁለተኛዋን ስኳር ሰጠሁት። በላት። አያስለውም።

ናቲ እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል። ጎልማሳ ሆኖ፣ ጢሙ ሸብቶ፣ በየበዓሉ «አሁን እንኳ ንገሪኝ» ይለኛል። ይህን ጽሑፍም ያነበዋል። ግን ወንድሜ እንደ እኔ አይደለም፣ ሐቀኛ ሰው ነው፤ ወንዶች ዝለሉ ስላልኩ ያችን አንቀጽ ዘሏታል።